ጉም የምትፈራ ፒክአፕ

በደርግ ዘመን ቢቸና ላይ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርሁ። መካኒኩም እኔው ነበርሁ፤ ሌላ ስለሌለ እንጂ የሾመኝ ሰው የለም። የምነዳት ፒክአፕ ከንጉሡ ጊዜ የተረፈች፣ የመጀመሪያ ቀለሟ ምን እንደነበረ ማንም የማያስታውሰው የቤንዚን መኪና ነበረች። ለገበሬው ዘርና ማዳበሪያ ታመላልሳለች፣ ካድሬ ወደ ስብሰባ ታደርሳለች፣ ሰው ሲታመም ደግሞ አምቡላንስ ትሆናለች። አንድ ክረምት ሞተሯ መሰናከል ጀመረ።

ደህና ሞተር አንድ ወጥ ድምፅ አለው። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሲሞት ግን እንደሚያነክስ በቅሎ ይሆናል፤ ሦስቴ ይረግጥና አንዷን ይዘላል። መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ሲመጣ ጉልበት ያጣል። እኔም አንድ ማለዳ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሞተሩ እየሠራ እሳት ወደሚጭሩት ካንዴላዎች የሚሄዱትን ገመዶች አንድ በአንድ ነቀልሁ። አንደኛውን ስነቅል ድምፁ ወረደ። ሁለተኛውን ስነቅልም ወረደ፤ አራተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ስነቅለው ግን ለውጥ የለም። የሞተው እሱ ነው ማለት ነው። ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር አቀያየርሁ፤ ሟቹ ያው ሦስተኛው ሆነ። ገመዱን ለወጥሁ፤ ያው ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትቼ በቤንዚን አጠብሁ፤ ያው። እልህ ያዘኝ። ቫልቩ ተቃጥሏል ብዬ ደመደምሁ፤ የሞተሩ ራስ ወርዶ ቫልቩ ይቀየርልኝ ስል ማመልከቻ ጻፍሁ።

ኃላፊያችን ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው በድንጋይ በድንጋይ እየዘለለ የሚሄድ ሰው ነበር። ማመልከቻውን ይዞ ወደ ግቢው የወጣው ከምሳ በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ቦግ ብላ ነበር።

“የታለች ሕመምተኛዋ? እስቲ አስነሣት።”

አስነሣኋት። አልተንተባተበችም፣ አልተንቀጠቀጠችም። እንደ አዲስ መኪና ቀጥ ብላ ሠራች።

“ጠዋት ቢያዩዋት ነው እንጂ፣ ጓድ ኃላፊ፣ አሁን...”

“ጠዋት ጠዋት ነው የሚያማት?”

“አዎ፣ ጠዋት ጠዋት።”

“እንግዲያው አርግዛለች በለኛ!”

ጸሐፊዋ ሳቀች፤ ሒሳብ ሠራተኛው ሳቀ፤ ዘበኛው ሳይቀር አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሳቀ። ኃላፊው ማመልከቻዬን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲያ ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር “አራሷ እንዴት ናት?” እየተባልሁ ሁለት ወር ኖርሁ። ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ ሦስተኛም ጻፍሁ። በሦስተኛው ጊዜ ኃላፊው ቢሮው አስጠርቶኝ፣ “የአንተ ጥያቄ ሥራ መፍታት ነው፤ ሞተሩ ወርዶ ሳለ አንተ ቁጭ ብለህ ደመወዝ ትበላለህ” አለኝ። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሞጣ በፖሊስ ሬዲዮ መልእክት መጣ። አንድ የቅኔ መምህር የቆየ ቡአቸው ወጥቶ አልመለስ ብሏል፤ ሲያስመልሳቸው አድሯል፤ የሞጣው ጤና ጣቢያ ድሬሰር “ይህ ቢላዋ ካልነካው አይድንም፣ እዚህ ደግሞ ቀዶ ጥገና የለም” ብሏል። የባሕር ዳሩ መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ነበር። የቀረው በቢቸና በደጀን አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ መውሰድ ነው።

“ሂድ አምጣቸው” አለኝ ኃላፊው።

“ጓድ ኃላፊ፣ መኪናዋን ያውቋታል...”

“ሰው እየሞተ ስለ ቫልቭ ታወራኛለህ?”

ሄድሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ቢሆንም ሰማዩ ተከፍቶ ስለነበር ፒክአፗ እስከ ሞጣ አንዴም ሳትሰናከል ገባች። በሰዓት እላፊ ምክንያት በጨለማ መንዳት ክልክል ነው። ሞጣ አድሬ፣ ሲነጋ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት የኔታን ጫንናቸው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ጋቢናው ውስጥ እኔና ልጃቸው መካከል ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው አጥፈው ተኮራመቱ። ልጃቸው ሠላሳውን ያለፈች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ናት። አንድ እጇን ከአባቷ ጀርባ አድርጋ መንገዱ ሲያነጥረን ትደግፋቸዋለች። እሳቸው አያቃስቱም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት እየደገሙ መሰለኝ።

ከሞጣ ወጣ እንዳልን ጉም ዋጠን። ከፊቴ ያለውን ድንጋይ እንኳ የማየው ጎማው ሲረግጠው ነው። ሞተሩ አንዷን መዝለል ጀመረ። ትንሽ ሄደን ጉሙ ሲሳሳ ድምፁ ተስተካከለ፤ ረባዳ ቦታ ላይ እንደገና ጉም ገባን፣ እንደገና ተንተባተበ። እኔ ይህን አላስተዋልሁም። የማስበው ኃላፊውንና ኪሱ የገባውን ማመልከቻዬን ነበር፤ በልቤ እየተሳደብሁ ነዳጁን እረግጣለሁ። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ አንድ ዳገት ወገብ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትሁ። ሁሉ ነገር ላብ ያላበው ይመስል ጉም አርሶታል። ልጅቱ የአባቷን ጃንጥላ ይዛ ወርዳ ከላዬ ዘረጋችልኝ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በሸሚዜ ጠረግሁ፣ መልሼ አሠርሁ። ቢነሣም ወዲያው ይጠፋል። እንደገና ፈታሁ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው መፍቻው ከእጄ አምልጦ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ጭቃውን እየዳበስሁ ፈልጌ አገኘሁት፤ ከዚያ በንዴት ራቅ አድርጌ ወረወርሁትና መልሼ ልፈልገው ሄድሁ። ከቆምን አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። የኔታ ጋቢናው ውስጥ አስመለሳቸው። ልጃቸው ጃንጥላውን ትታ ሮጠች።

ወደ ጋቢናው ስጠጋ የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

“ልጄ፣ ይቺ መኪና ጉም ትፈራለች እንዴ?”

“ምን አሉኝ?”

“ሳዳምጣት ቆየሁ። ጉሙ ሲከበን ቃል ትስታለች፤ ስንወጣ መልሳ ታስታውሰዋለች። የምትስተውም ሁልጊዜ ያንኑ ነው። ሌላ ሌላውን ተወውና ምኗ እንደሚርስ...”

እኚህ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ የት ላይ እንደሚስት ሲያዳምጡ የኖሩ ናቸው። እኔ ደግሞ ጭቃ የለበስሁ፣ በኃላፊው የነደድሁ፣ ማንም ምንም እንዲነግረኝ የማልፈልግ ጎረምሳ። እንዲህ አልኋቸው፦

“የኔታ፣ ይህ ዳዊት አይደለም። መኪና ነፍስ የላትም፤ የምትፈራውም ነገር የለም። እባክዎ ዝም ይበሉልኝ፣ ሥራዬን ልሥራበት።”

ልጃቸው ቀና ብላ አየችኝ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ።

ካርቡራተሩን አወረድሁት። ፈታትቼ ቀዳዳውን ሁሉ በአፌ ነፋሁ፤ ቤንዚን ዋጥሁ፣ ተፋሁ። መልሼ ስገጥመው ከቆምን አምስት ሰዓት ሊሞላን ነው፤ ፀሐይዋም ጉሙን ገፋ አድርጋ ወጥታ ኮፈኑ ላይ እንፋሎት ይጨሳል። ቁልፉን ሳዞረው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ካርቡራተሩን ስለነፋሁት መሰለኝ። እንዲያውም ኮራሁ። “አየሽ?” አልኋት ልጅቱን። ወደ አባቷ ዞረች።

ማርቆስ ስንደርስ ሊመሽ ነበር። ሐኪሙ የኔታን አይቶ ወዲያው አስገባቸው። ሲወጣ ጓንቱን እያወለቀ፣ “ታንቆ የቆየው አንጀት ጠቁሯል። እኩለ ቀን ላይ ብትደርሱ ኖሮ ተስፋ ነበረው” አለን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። የኔታ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ራሴው ወደ ሞጣ መለስሁ፤ ቀኑ ብራ ነበርና ፒክአፗ መንገዱን ሁሉ አንዴም ሳትዘል ጨረሰችው።

ቢቸና ስገባ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች በር ላይ ጠበቁኝ። ቀጥታ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ወሰዱኝ። ኃላፊው፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ አንድ ካድሬና የቀበሌው ሊቀ መንበር ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ የእኔ ሦስት ማመልከቻዎች ተደርድረዋል።

ካድሬው ጀመረ። “የሞቱት ሰው ሕዝብ የሚወዳቸው መምህር ናቸው። በመንግሥት መኪና ሲሄዱ መንገድ ላይ ቀሩ ሲባል ሕዝቡ በማን ላይ ነው የሚነሣው?”

“እኔ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ...”

“የተጠየቅኸውን መልስ። አምስት ሰዓት ሙሉ ሰው በሌለበት ዳገት ላይ ምን ትሠራ ነበር?”

“ስጠግን።”

“ምን ጠገንህ?”

“ካርቡራተር።”

“ማመልከቻህ ላይ የጻፍኸው ቫልቭ ነው። ካርቡራተር የሚል የት አለ?”

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገና፣ “እኔ ራሴ አስነሥቼ አይቻታለሁ፤ ምንም የላትም። ዛሬም ከሞጣ በሰላም ነድቷት መጥቷል” አለ። ዓይኔን ግን አላየም። ካድሬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“ዳገቱ ላይ የጠበቅኸው ማንን ነው? ከየትኛው ሽፍታ ጋር ነበር ቀጠሮህ?”

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጨዋታ አይጠየቅም። ስሙንም ሰጡት፤ አሻጥር። ከአዳራሹ አውጥተው ከመሥሪያ ቤታችን ግቢ ጋር አጥር የሚዋሰነው የቀበሌው መጋዘን ውስጥ፣ የማዳበሪያ ጆንያ መካከል ቆለፉብኝ። ባለቤቴ ምሳ ስታመጣ ጠባቂው ወረቀት ተደብቆ እንደሆን ብሎ እንጀራውን በጣቱ ይገለባብጠዋል፣ ወጡን ይበጠብጠዋል። ባለቤቴ ቆማ ታያለች። ያን ጣት አልረሳውም። ከእስሩ ይልቅ ያ ጣት ነበር የሚያንገበግበኝ።

በስድስተኛው ቀን ማለዳ ካፊያ ይዘንባል። በአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ፒክአፗን ሲያስነሣ ሰማሁ፤ ከሌላ መሥሪያ ቤት የተዋሱት ሾፌር መሆኑ ነው። ድምፁን እንደ ልጄ ድምፅ ነው የማውቀው። ሦስቴ ረግጦ አንዷን ዘለለ። ሾፌሩ ተሳድቦ ትቷት ሄደ። ረፋዱ ላይ ካፊያው አቁሞ ፀሐይ ወጣች፤ ሰውየው ተመልሶ አስነሣት፣ እንደ ደህና መኪና ሠራች።

ጆንያው ላይ ቁጭ እንዳልሁ የኔታ ያሉት ቃል በቃል መጣብኝ። ጉም ትፈራለች እንዴ? ቫልቭ የተቃጠለ እንደሆነ በፀሐይም በዝናብም ተቃጥሏል፤ ፀሐይ ስትወጣ አይድንም። እርጥበት የሚያሳብደው የኤሌክትሪክ ነገር ብቻ ነው። እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች የሚያድለው ዲስትሪቢውተር ጥቁር ክዳን አለው። ሁለት ወር ሙሉ ያን ክዳን ከፍቼ እዘጋዋለሁ፤ ገልብጬ ግን ውስጡን በብርሃን አላየሁትም። አንድ ሽማግሌ፣ ሆዳቸው እየተቃጠለ፣ ዓይናቸው ሳያይ፣ በጆሯቸው ብቻ ደርሰውበት ነገሩኝ። እኔ ዝም ይበሉ አልኋቸው። ግንቡን በጡጫዬ መታሁት፤ ደግሜ መታሁት። ጠባቂው በሩን ከፍቶ፣ “ምን ሆንህ?” አለኝ።

“ኃላፊውን ጥራልኝ! ካድሬውንም ጥራልኝ! አሻጥሩን አሳያቸዋለሁ!”

ሰው እንዲመጣ አምስት ቀን ፈጀ። በአሥራ አንደኛው ቀን አውጥተው በጠራራ ፀሐይ ፒክአፗ ፊት አቆሙኝ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነሣሁ፤ ቀጥ ብሎ ሠራ። “በጣሳ ውኃ አምጡልኝ” አልሁ።

“ጠበል ልትረጫት ነው?” አለ ካድሬው። ሳቁ።

ጣቴን ውኃው ውስጥ ነክሬ ክዳኑ ላይ ረጨሁ። ሞተሩ አንዷን ዘለለ። ሳቁ ቆመ። ደግሜ ረጨሁ፤ ተንቀጠቀጠ፣ አስሎ ጠፋ። ክዳኑን ፈትቼ ገልብጬ ወደ ፀሐይ ያዝሁት። ከሦስተኛው ገመድ መውጫ ጀምሮ በእርሳስ የተሰመረ የምትመስል፣ ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ነበረች። ስትደርቅ ምንም አታደርግም፤ ስትርስ ግን እሳቱ በእሷ በኩል ሾልኮ ይባክናል።

ኃላፊው ክዳኑን ከእጄ ወስዶ አገላብጦ አየውና፣ “ይሄን ያህል ቀላል ከነበረ ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?” አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀኝ እሱ መሆኑ አንጀቴን አሳረረው። ይቅርታ እንኳ ባይል፣ ቢያንስ ሌላ ሰው በጠየቀኝ!

ካድሬው ፋይሉን ዘጋ። “ትለቀቃለህ። ግለ ሂስህን ግን ጽፈህ ታቀርባለህ።”

ያን ዕለት ጻፍሁት፤ አንድ መስመር ነበር፦ “የኔታ ምክንያቱን ነግረውኝ ነበር፤ ዝም አሰኘኋቸው።” ካድሬው አንብቦ መለሰልኝ። “ይህ ግለ ሂስ አይደለም። ‘ከንቃተ ህሊና ማነስ የተነሣ’ ብለህ ጀምር።” ከንቃተ ህሊና ማነስ የተነሣ ብዬ ጀመርሁ፤ ሁለት ገጽ ሞላሁለት። የኔታ የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ኃላፊውስ? ማመልከቻ ኪሱ ከትቶ ሁለት ወር የተቀመጠው ሰው ምን ጻፈ? ምንም አልጻፈም። መስከረም ላይ ዕድገት አግኝቶ ሄደ።

አዲሱ ክዳን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል ተባለ። ስንጥቋን በመርፌ ፍቄ አጸዳሁና፣ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች አንዲት አስተማሪ ዘንድ ሄጄ የጥፍር ቀለም ለመንኋት። ለምን እንደሆነ ስነግራት አልሳቀችም፤ ብልቃጡን እንዳለ ሰጠችኝ። ስንጥቋን በቀይ የጥፍር ቀለም ደፈንኋት። ፒክአፗ በጉምም በዝናብም ሠራች። አንድ ሰው የሞተበት ነገር በጥፍር ቀለም ተጠገነ።

አዲሱ ክዳን የደረሰው ኅዳር ላይ ነው። ከገጠምሁት በኋላ ዘር ለማድረስ ወደ ሞጣ ስላክ አሮጌውን ኪሴ ከትቼ ሄድሁ። የየኔታን ልጅ ቤቷ ደጃፍ ላይ ጤፍ ስታበጥር አገኘኋት። ጥቁር ለብሳለች። አወቀችኝ፤ ግን አልተነሣችም።

“እኅቴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁ” አልሁና ክዳኑን አውጥቼ ሰጠኋት። ስንጥቋን አሳየኋት፤ እርጥበት ሲነካው ምን እንደሚሆን፣ ማመልከቻ እንዴት እንደጻፍሁ፣ እንዴት እንደታሰርሁ፣ ሁሉን ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

“አባቴ ያሉህ ይህንን አልነበር?” አለችኝ።

“ይህንን ነው።”

“አንተ ምን አልሃቸው?”

ምን እንዳልሁ ታውቀዋለች።

“ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማርቆስ እስኪያርፉ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ‘አባባ፣ አባባ’ ስላቸው ብቻ ያዩኛል። ሕመሙ ይሁን አንተ ዝም ይበሉ ስላልሃቸው፣ አላውቅም። ልጃቸው ነኝ፤ የመጨረሻ ቃላቸውን ለመኪናህ ነው የተናገሩት።” ክዳኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። “አሁን ይህን ይዘህ ሂድልኝ። መታሰርህን ለእኔ አትንገረኝ።”

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትሁ። እሷ ሰፌዷን አንሥታ ማበጠሯን ቀጥላ ነበር። ክዳኑን ከመሬት አነሣሁና ወደ መኪናዬ ተመለስሁ።

ቀኑ ብራ፣ መንገዱ ደረቅ ነበር፤ ሞተሩ አንዲት እንኳ አልዘለለም። እኔ እስከ ቢቸና ድረስ መሪውን እየደበደብሁ ጮክ ብዬ ስሳደብ ሄድሁ። መጀመሪያ ኃላፊውን፣ ከዚያ ካድሬውን፣ ከዚያ ያን ጠባቂ ከነጣቱ ሰደብሁ። እነሱን ስጨርስ ራሴን ጀመርሁ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬም አላለቀልኝም።